ጠበል ወይስ ጤና ጣቢያ? አረቄ፣ ጫትና ዱላ ለገቡበት ትዳር የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው፤ የሕንፃ ቀለምና ጂፕሰም ይሠራል፣ ሒሳቡን ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀበላል። ከሰዓት ጫት ይቅማል፤ ማታ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ አረቄ ካልጨረሰ እንቅልፍ አይወስደውም። አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ ‹ተውኩ› ብሎ ጠበል ገባ። በሁለተኛው ቀን ተንቀጠቀጠ፣ ወድቆ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያም ለእኛ የማይታየንን ነገር እያየ ሲጮኽ አደረ። ‹ይዞት የነበረው ነው የለቀቀው› አሉን። ሳምንት ሳይሞላ ጀመረ። ሁለት ጊዜ መቶኛል። ‹ከማን ጋር ነበርሽ?› እያለ ስልኬን ይፈትሻል። ሽማግሌዎች ‹ቻይው፣ የልጆችሽ አባት ነው› ይሉኛል። አሁን ለ14 ቀን ጠበል ልመልሰው አስቤያለሁ። አንዲት ወዳጄ ደግሞ በድብቅ ወጥ ውስጥ የሚጨመር፣ ሲጠጣ የሚያስመልሰው ክኒን ሰጥታኛለች። ልክፍት ነው ወይስ ሱስ? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህታችን፣ ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ያን ክኒን ወጥ ውስጥ አይጨምሩ። ጠበሉም አይቅር፤ ነገር ግን ባለቤትዎ አረቄውን በአንድ ጀምበር አቁሞ፣ በባዶ ሆዱ ወደዚያ እንዳይሄድ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት በሐኪም እጅ ይለፍ። አምና በሁለተኛው ቀን ያያችሁት ነገር ሊገድለው ይችል ነበር፤ ዘንድሮ ቢደገም ከአምናው የመክፋት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ያያችሁት ምንድን ነው? አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል። ሰው በየቀኑ ሲጠጣ አእምሮው ደንዝዞ እንዳይቀር የሚያነቃውን ኃይል ቀስ በቀስ ይጨምራል። ፍሬን ተይዞበት ነዳጅ የሚረገጥ መኪና ማለት ነው። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። ጥሎ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ በአብዛኛው ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጥላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አስጊው መቃዠት ይመጣል፦ ቦታና ሰው መለየት ያቅተዋል፣ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ነገር ያያል፣ ሰውነቱ ይግላል። ባለቤትዎ ሦስቱንም በየሰዓታቸው አሳይቷል። ሰዓቱ ይህን ያህል መግጠሙ ራሱ ብዙ ይናገራል።

መጠኑንም እናስላው፤ «አንዲት ጠርሙስ እኮ ናት» የሚል ሰው አይጠፋምና። የለስላሳው ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አረቄ እንደ አወጣጡ ይለያያል፤ 40 ከመቶ ብለን ብንይዝ በውስጡ 120 ሚሊ ሊትር፣ ወይም ወደ 95 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል አለ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 5 ከመቶ ከሆነ 13 ግራም ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ ባለቤትዎ በየምሽቱ ሰባት ቢራ የሚያህል ይጠጣል ማለት ነው። ዳግም አረቄ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

«ልክፍት ነው ወይስ ሱስ?» ለሚለው፣ ሐኪሙ ዘንድ ስሙ በአልኮል ላይ የተመሠረተ ጥገኝነት ነው። «ሱስ» የሚለውን ቃላችንን ለቡናም ስለምናውለው ነገሩን ሳናውቀው እናቀልለዋለን፤ የቡና ሱስ ራስ ያሳምማል እንጂ አይጥልም። ይሁን እንጂ ባለቤትዎ ወይም እናቱ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ዛር ነው» ቢሉ ክርክር አይግጠሙ። ክርክሩን ቢያሸንፉ እንኳ ሰውዬውን ያጡታል። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «አንተ ምን ይመስልሃል? መቼ ጀመረህ? ማን ቢረዳህ ትፈልጋለህ?» ጥሩ ባለሙያም ይህንኑ ይጠይቃል። በሽታው ከየት መጣ የሚለው ላይ ሳይስማሙ መድኃኒቱን ስለመጀመር መስማማት ይቻላል።

አሁን ወደ ጠበሉ። እዚያ ጉዳት የሚያመጡት ነገሮች ተደራርበው የሚመጡ ናቸው። መጠጡ በአንድ ቀን ይቆማል። ምግብ ይቀንሳል፤ ለዓመታት አረቄ የጠጣ ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ያጥረዋል። ይህ ቫይታሚን ሲያልቅ ዓይን ይንቀዋለላል፣ እግር ይወላገዳል፣ ማስታወስ ይጠፋል፤ በቶሎ ካልታከመ የማይመለስ ጉዳት ይተዋል። በዚያ ላይ በባዶ ሆድ በርከት ያለ ውኃ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ይህም ብቻውን ሊጥል ይችላል። ሲቃዥና ሲጮኽ ደግሞ «እየለፈለፈ ነው» ተብሎ ይታሰራል ወይም ይመታል፤ የሰውነቱ ሙቀት ጨምሮ እየደረቀ ያለ ሰው ሲታሰር ልቡ ሊከዳው ይችላል። በየጊዜው አቁሞ በየጊዜው የሚጀምር ሰው አእምሮ ደግሞ ከአንዱ ማቆም ወደ ሌላው ይበልጥ ይደነግጣል። ዘንድሮ ይከፋል ያልኩት ለዚህ ነው።

ይህን ማለት ጠበልን መቃወም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ተናግረዋል። ያ ቃል ለአእምሮና ለሱስ ሕክምናም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ የነፍስ አባቶችም ሲጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ሕክምናው፣ ከዚያ ጠበሉ፤ ጠበል በገባም ጊዜ በልቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ። ለጠበልተኞቹ አስተናባሪ «ባለቤቴ የሚጥል ሕመም አለበት፣ መድኃኒት ላይ ነው» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። «መድኃኒት ካልጣለ አይገባም» ካሏችሁ ሌላ ጠበል ይፈልጉ። ቤተሰባችሁ የሙስሊም ወይም የፕሮቴስታንት ቢሆንም መርሁ አይለወጥም። ሼኩም ሆኑ ፓስተሩ በዱዓና በጸሎት ይርዱት፤ «ድነሃል፣ ክኒኑን ጣል» እንዳይሉት ግን አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ምን ይሆናል? ካርድ ክፍል ላይ ማፈር ያለ ነው፤ «እንቅልፍ አጥቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው» ብላችሁ ካርድ ብታወጡ ነውር የለበትም። ሐኪሙ ፊት ግን እውነቱ ይውጣ። በወረቀት ጽፈው ይያዙ፦ በቀን ስንት ጠርሙስ፣ ስንት ዓመት፣ የመጨረሻው መለኪያ በስንት ሰዓት፣ አምና መውደቁንና መቃዠቱን፣ ሲወድቅ ጭንቅላቱን መመታቱን፣ ደም አስመልሶ ወይም ጥቁር ሰገራ ወጥቶት እንደሆነ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸውን 10 የመጠጥ ጥያቄዎች ሊጠይቁት ይችላሉ፤ ነጥቡ ከ40 ነው፣ 8 እና ከዚያ በላይ ጎጂ አጠጣጥን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ጥገኝነትን ይጠቁማል።

አንድ ጊዜ ወድቆና ቃዥቶ የሚያውቅ ሰው መጠጡን ቤቱ ተኝቶ ማቆም የለበትም። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው የምትፈልጉት ዋና ነገር የሪፈር ወረቀት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ደግሞ በሪፈር መንገድ ካልሄዳችሁ ወጪውን ላይሸፍንላችሁ ይችላል። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ከቱሉ ዲምቱ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በጠዋት ካልተነሳችሁ ወረፋው ያልፋችኋል። ሌሊት ከወደቀ ግን ሩቁን አያስቡ፣ በአቅራቢያ ያለ የማንኛውም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይበቃል፤ በእናንተ አካባቢ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አልጋ እስኪገኝ ድረስ «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አትቅመስ» አይበሉት። ይህ ለጆሮ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ድንገት መቋረጡ ከመጠጡ ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ወቅት ይህ ነው። ከመጠጡ በፊት ይብላ፣ መጠኑን አይጨምር፣ ታያሚኑን ከጤና ጣቢያ ይጀምር። ሆስፒታል ሲገባ ማረጋጊያ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም፣ በመጀመሪያው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ በየቀኑ እየቀነሰ በአንድ ሳምንት ገደማ ያበቃል። ይህን ክኒን ከመድኃኒት ቤት ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሌላ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰውየው ሲደክም ቤተሰብ በቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወስዶ «ግሉኮስ ስቀሉለት» ይላል። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ከተሰቀለ የቀረችውን ጥቂት ቫይታሚን አሟጦ አእምሮውን ሊጎዳ ይችላል። «ታያሚን ቀድሞ ተሰጥቶታል?» ብለው ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

ቤት ውስጥ ከወደቀ፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተቱንና ቁልፍ ማስያዙን ይተዉት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አይግባ። በጎኑ ያስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ያድርጉ፣ ሰዓት ይመልከቱ። ቶሎ ቢነቃም ድንገተኛ ክፍል ይታይ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወይም ነቅቶ ሰው ካልለየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ስለ ክኒኑ። በመግለጫዎ መሠረት ዳይሰልፊራም ይመስላል። የሚሠራው ሰውነት አልኮልን አጣርቶ የሚያስወግድበትን መንገድ በመዝጋት ነው፤ ሰው ይህን ውጦ ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ትክክለኛ መድኃኒት ነው፣ ግን ለሚያውቅና ለተስማማ ሰው፣ ጉበቱና ልቡ ከተመረመረ፣ ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚሰጠው። ካቆሙት በኋላ እንኳ እስከ 14 ቀን ድረስ ከአልኮል ጋር ሊጣላ ይችላል። ባለቤትዎ ሳያውቅ ወጡ ውስጥ ቢገባና ያን ምሽት አንድ ጠርሙስ አረቄ ቢጨልጥ ሞት ሊያመጣ ይችላል። ባይሞት ደግሞ አንድ ቀን ይደርስበታል፤ ሚስቱን የሚጠራጠር ሰው «መረዘችኝ» ለማለት ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። በሚመታዎት ሰው ቤት ይህ ለእርስዎም ሕይወት አስጊ ነው። ክኒኑን ይመልሱላት።

አሁን ጫቱ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው አረቄውን ብቻ ለማስቆም ሲጣደፍ ነው። ባለቤትዎ የሚጠጣው ከሰዓት የቃመው ምርቃና ስላላስተኛው ነው፤ ጨብሲ፣ ማለትም የምርቃና ማብረጃ፣ ነው። ጨብሲው ሲቀር ምርቃናው ሌሊቱን ሙሉ ያፈጥጣል፤ በሦስተኛው ሌሊት ወደ አረቄ ቤቱ ይመለሳል። የጫቱ ንጥረ ነገር ካቲኖን ከቅጠሉ በ48 ሰዓት ገደማ ስለሚሞት ነው ሰው ትኩሱን የሚሻማው፤ ከእርሱ ጋር ያለው ካቲን ግን ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ በ10 ሰዓት የተጀመረ ቅሚያ የእኩለ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳል። ጫት ሲቆም ብዙውን ጊዜ ለነፍስ አያሰጋም፤ ድካም፣ ብዙ መተኛት፣ መነጫነጭ፣ ዱካክና ሐራራ ለአንድ ሁለት ሳምንት ያስቸግራሉ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማቆም የከበደው ሰው፣ አረቄውን በሐኪም እጅ ሲያቆም ጫቱን ቢያንስ ሰዓቱን ወደ ቀትር ያምጣ፣ ዙርባውን በግማሽ ይቀንስ፣ ኢጃበናውን፣ ማለትም የማለዳ ቅሚያውን፣ ይተው፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ይጨርሰው። ዱካክ ሲመጣበት «ክፉ ሕልም አየሁ» ብሎ ተመልሶ እንዳይቅም አስቀድሞ ይነገረው፦ ይህ የማቆሙ ምልክት ነው፣ ያልፋል።

«ከማን ጋር ነበርሽ» የሚለው ጥርጣሬ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጫትና አልኮል ሲደራረቡ፣ እንቅልፍም ሲጎድል፣ ጥርጣሬ ይባባሳል፤ አንዳንዱ ላይ ከመጠጥ በኋላም የማይለቅ ጽኑ እምነት ይሆናል። ለሐኪሙ ይህን ለይተው፣ ባለቤትዎ በሌለበት ይንገሩ። በስካር ምክንያት ከመጣ ጠብ ሁሉ እጅግ የምንፈራው ይህን ነው።

ስለ ዱላው ደግሞ በግልጽ ልናገር። አረቄ እጅን ያፈጥናል እንጂ ማንን እንደሚመታ አይመርጥም። ሰክሮ ሳለ ፎርማኑን ይመታል? የራሱን ስልክ ይሰብራል ወይስ የእርስዎን? እርስዎን ብቻ የሚመታ ከሆነ አረቄው ቢቆም ዱላው አብሮ ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሁለቱ ለየብቻ መፍትሔ ይፈልጋሉ። አንገት ማነቅ፣ «እገድልሻለሁ» ማለት፣ ቢላ ወይም ብረት ማንሳት፣ በእርግዝና ጊዜ መምታት፣ ጥርጣሬው እየበረታ መሄድ ከታዩ አደጋው ቀርቧል ማለት ነው። ተጋላጭነቱ በተለይ የሚጨምረው ሴቷ ልትለይ ስትነሳ ነው፤ ስለዚህ «እሄዳለሁ» ብሎ መዛት ሳይሆን ተዘጋጅቶ መሄድ ይበጃል።

ዝግጅቱ ትንሽ ነው። የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬትና ክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ውል፣ ጥቂት ብር በአንድ ፌስታል አድርገው እሱ የማያዘወትራት ጎረቤት ዘንድ ያኑሩ። ለዚያች ጎረቤት ምልክት ይስጧት፤ ለምሳሌ ልጁ መጥቶ «እማዬ ሚጥሚጣ አበድሪን ትላለች» ካላት ፖሊስ እንድትጠራ። 991 ነው። ጠብ ሲነሳ ወጥ ቤት አይግቡ፤ ቢላውም የፈላ ውኃውም እዚያ ነው። ወደ ደረጃው የሚያስወጣው በር አጠገብ ይሁኑ። ከተመቱ ቁስሉ ቢያንስም ጤና ተቋም ይታዩ፤ ካርዱ ላይ «ወደቀች» ሳይሆን የሆነው ይጻፍ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። መጠጊያ ቢያስፈልግ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አለው፤ የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መንገዱን ያሳያል። ጾታዊ ጥቃት ከደረሰ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ጉዳዩንም በአንድ ቦታ የሚይዝ ማዕከል አለው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ብዙ የሚድነውም እዚሁ። ሽምግልናችን ጠብ ለማብረድ የተሠራ ነው፦ ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ፣ ቡና ይፈላ። የእናንተ ጉዳይ ግን ጠብ ብቻ አይደለም፣ ሕመምም ጥቃትም አለበት። ሰውዬው ተንበርክኮ «ሁለተኛ አልጠጣም» ይላል፤ ሲለው ከልቡ ነው። በማግሥቱ ምሽት እጁ ሲንቀጠቀጥ ቃሉ ይፈርሳል፣ እሱ «ቃል በላ» ይባላል፣ እርስዎ «ቻይው» ይባላሉ። ሽማግሌ ከሕክምና በፊት መሐላ ሲያስምል፣ መታከም የነበረበት ሰው ውሸታም ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሽማግሌ አይቅር፣ ሥራው ይቀየር። ሦስት ሰው ይበቃል፦ ከእሱ ወገን የሚያፍረው አንድ ታላቅ፣ የነፍስ አባታችሁ፣ ከዕድሩ ደግሞ ከእሱ ጋር አረቄ ቤት የማይቀመጥ አንድ አዛውንት። ከመቀመጣቸው በፊት እርስዎ ለየብቻ ያግኟቸውና የሚፈልጉትን ይንገሯቸው። አንደኛ፣ ቀን ተቆርጦ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከሦስቱ አንዱ አብሮት ይሂድ። ሁለተኛ፣ የቅዳሜው ሒሳብ። ብሩ ከእጁ ሳይገባ ወደ እርስዎ ቴሌብር ወይም ወደ ጋራ ሒሳብ ይግባ፤ ከፋዩ ካልተስማማ ደግሞ ዋስ የሚሆነው ሰው ቅዳሜ 10 ሰዓት ሳይቱ ድረስ ሄዶ አብሮት ይመለስ። በሕጉም ቢሆን በትዳር ውስጥ በጉልበት የተገኘ ገቢ የሁለቱ የጋራ ነው። ሦስተኛ፣ እጁን ካነሳ ያን ሌሊት ከቤት የሚወጣው እሱ ነው፤ ማረፊያውም የወንድሙ ቤት እንዲሆን አስቀድሞ ይወሰን። ዋስ የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ ወርቅ ነው። ዋስ የሚጠራው ሲጠፋ ብቻ አይሁን፤ በየሳምንቱ የሚጠይቀው ሰው ይሁን። ሽማግሌዎቹ ክስዎን ወይም የመመታትዎን ነገር እንዲተዉ ቅድመ ሁኔታ ካስቀመጡ ግን አይቀበሉ። ሽማግሌ ዕርቅ ያወርዳል እንጂ ሕግን አይሽርም።

ከዚያ በፊት እርስዎ ራስዎ ሊያነጋግሩት ይችላሉ፤ ግን ሰዓት ይምረጡ። ማታ ሰክሮ አይሆንም፣ ከሰዓት መርቅኖ ቃል የሚያዥጎደጉድበትም አይሆንም፣ በጠዋት ሲንቀጠቀጥም አይሰማም። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ቁርስ በልቶ ረጋ ያለበት የእሑድ ረፋድ ነው። በውርደት አይጀምሩ፤ «ሰካራም» የሚለው ቃል አንድ ሰው ወደ ሕክምና ሲያመጣ አልታየም። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ስማኝ የልጆቼ አባት። አርብ ዕለት ከልጁ ጋር ቁጭ ብለህ የቤት ሥራውን ስታሠራው ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ቀን እንዲበዛ ነው የምፈልገው። ጠዋት ጠዋት ብሩሽ ስትይዝ እጅህ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። መሰላል ላይ ሆነህ ሳስብህ እፈራለሁ። ለዚህ መድኃኒት አለው። ረቡዕ አብረን እንሂድ።» አንድ የታየ ነገር፣ አንድ ስጋት፣ አንድ ቀን፤ ከዚያ ዝም። «አይሆንም» ቢል በሌላ ሳምንት ይደገማል። ጥርጣሬው ወይም ዛቻው የበረታበት ሰሞን ከሆነ ግን ብቻዎን አያነጋግሩት፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይናገረው።

በዕለት ኑሮ ደግሞ ሳይጠጣ የገባበትን ምሽት ያድምቁለት፦ ቡናው ይፈላ፣ ልጆቹ አጠገቡ ይሁኑ፣ ራቱ በአንድ ትሪ ይበላ። ጠጥቶ ሲገባ ያለ ጭቅጭቅ ራቱን አስቀምጠው ከልጆቹ ጋር ወደ ሌላው ክፍል ይግቡ። የአረቄ ቤቱን ዱቤ አይክፈሉለት። ለአሠሪው «አሞት ነው» ብለው አይዋሹለት። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ መጠጡ የሚያስከፍለው ዋጋ ለራሱ ለባለቤቱ እንዲታየው ነው። ቤተሰብ በዚህ መንገድ ሲሠለጥን፣ በቁጣና በማስፈራራት ከመግጠም ይልቅ ብዙ ጠጪዎች ወደ ሕክምና እንደሚመጡ በጥናት ታይቷል።

ከሆስፒታል ሲወጣ ነው እንግዲህ ረጅሙ ሥራ። ግዝትና ስለት ብዙ ሰው ረድቷል፣ ግን «እስከ ሕይወቴ ፍጻሜ» ተብሎ ሲታሰር አንድ ቀን የተጎነጨ ሰው «አንዴ ፈረሰ» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ይጠጣል። የነፍስ አባታችሁን ከሚካኤል እስከ ሚካኤል እንዲያደርጉት ይጠይቋቸው። በ12 ይጀምራል፣ በወሩ በ12 ይታደሳል። ቢፈርስ በዚያው ቀን ወደ እርሳቸው ይመጣል እንጂ ወሩን አይሸሽም። ሐኪም ቤትም ቀጠሮው በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ቢሆን ይመረጣል። እርስዎን መክሰስ ሳይሆን የጥማቱን ሰዓት መናገር ይልመድ፦ ቅዳሜ ከክፍያ በኋላ፣ ከሥራ ጓደኞች ጋር ታክሲ ሲጠበቅ፣ በአረቄ ቤቱ በር ሲታለፍ። ሌላ መንገድ ካለ ያን መንገድ ይልመድ፤ በኮንዶሚኒየም መንደር አንድ ብሎክ ዞሮ መግባት አምስት ደቂቃ ነው።

ድግሱ ይከብዳል። ባህላችን እምቢ ማለትን አይወድም፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ሲባል ብርሌው እጅ ላይ ይቀመጣል። መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ አፍ ላይ ይልመድ፦ «መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፤ በሞቴ ካሉኝ ለእኔ ሞት ይሆናል።» ቤት ሆናችሁ እየተቀባበላችሁ ተለማመዱት፣ በእውነት ይጠቅማል። እጁ ባዶ አይሁን፤ ያልተብላላ ብርዝ ወይም ለስላሳ ይያዝ። ዳይሰልፊራም በሐኪም ከታዘዘለት ግን ጠላም ቅራሪም ጠጅም ለሙከራ እንኳ አይቀመስም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ማኅበርና ሰንበቴ ላይ እርስዎ ወይም ዋሱ አብራችሁት ተገኙ፤ ለቅሶ ከሆነ ድንኳን ገብቶ እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ቶሎ ይውጣ።

ከተመለሰበትና ቀናት ደራርቦ ከጠጣ፣ እንደገና በአንድ ቀን አያቋርጥ፤ ከላይ ያልነው ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል። ታያሚኑን ይዞ ወደ ሐኪሙ።

የእርስዎ ነገር ቀረ። ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ራስዎ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም መመታትዎን። ረቡዕ ለእሱ ካርድ ሲያወጡ ለራስዎም ያውጡ። እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ልብዎ የሚደክምበት ጊዜ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ መጥቶ ከሆነ፣ እነዚህን ለብቻዎ ሆነው ለሐኪሙ ይንገሩ። ልጆቹም የሆነውን ያውቃሉ፤ «አባታችሁ ታሟል፣ እየታከመ ነው፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ብለው ይንገሯቸው። እሱ ረቡዕ እምቢ ብሎ ቢቀር እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ፤ ካርድ ክፍሉ ሳይጨናነቅ በጠዋት፣ ጠርሙሱንና ዓመቱን የጻፉበትን ወረቀት ይዘው።